ሁሉንም ቪዲዮ ኢንኮድ አታድርግ፤ ችግር ያለበትን ብቻ ለይተህ ንካ

ጥያቄ፦ «ሰላም፣ ለምክርህ አስቀድሜ አመሰግናለሁ። ከቴሌቪዥን ጋር በኤችዲኤምአይ የሚገናኝ አነስተኛ ሚዲያ ፕሌየር አለኝ። ካርቶኑ ላይ ‹ፉል ኤችዲ 1080 ያጫውታል› ይላል። ግን ከፋይሎቼ ግማሹን በአግባቡ አያጫውትም። አንዱ ፊልም ምስል አለው፣ ድምፅ የለውም። በስልክ የቀረጽኩት የልጆቼ ቪዲዮ ድምፁ ብቻ ይሰማል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ሌላው ደህና ሲሄድ ቆይቶ መቆራረጥ ይጀምራል። አንዱ ደግሞ ጭራሽ ወደ ፍላሽ አልገለበጥም አለ። ስለዚህ ሁሉንም ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ኤምፒ4 መቀየር ጀመርኩ። ጥራቱ እንዳይወድቅ ብዬ አርኤፉን (ሲያንስ ጥራት የሚጨምረውን ቁጥር) 12 ላይ አደረግሁት። የመጀመሪያው ፊልም ሌሊቱን ሙሉ ፈጅቶ፣ 8 ጊጋ የነበረው 13 ጊጋ ሆኖ ወጣ። ምስሉም ከበፊቱ አልተሻለም። የትኛውን ሴቲንግ ልጠቀም?»

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። መጀመሪያ የጀመርከውን ኢንኮድ አቁመው። ከነገርከኝ አራት ችግሮች ውስጥ የምስል ኢንኮድ የሚያስፈልጋቸው ምናልባት ሁለቱ ናቸው። ሁለቱ በደቂቃዎች የሚፈቱ ናቸው፤ ምስሉም አይነካም።

ይህን አጥብቄ የምነግርህ በምክንያት ነው። ኢንኮድ ማድረግ ማለት ምስሉን ፈትቶ እንደ አዲስ መጭመቅ ነው። ሲጨመቅ በተለምዶ የሚጣል ነገር አለ። የተጣለው አይመለስም። አርኤፉን የቱንም ያህል ብታወርደው አዲሱ ፋይል ከምንጩ ሊበልጥ አይችልም። ፊልምህ 13 ጊጋ የሆነውም በዚህ ነው። አርኤፍ 12 ማለት «ከምንጩ ቅንጣት እንዳታመልጥህ» ብሎ ማዘዝ ነው። ኢንኮደሩ የታዘዘውን ፈጸመ። ምስሉን ብቻ ሳይሆን የፊልሙን ብናኝ፣ በመጀመሪያው ጭመቃ የተፈጠሩትን ትንንሽ ካሬዎች ሳይቀር በጥንቃቄ ቀዳልህ። 5 ጊጋው ትርፍ የሄደው ለእነሱ ነው።

ካርቶኑና ውስጡ

ኤምኬቪ፣ ኤምፒ4፣ ኤቪአይ የሚሉት የፋይል ቅጥያዎች ስለ ምስሉ ብዙም አይናገሩም። እነሱ ካርቶን ናቸው። በሙያው ኮንቴይነር እንላቸዋለን። ካርቶኑ ውስጥ ምስሉ፣ ድምፁ፣ የግርጌ ጽሑፉ፣ አንዳንዴም የምዕራፍ ዝርዝሩ ለየብቻ ተቀምጠዋል። ምስሉና ድምፁ የተጨመቁበት ዘዴ ደግሞ ኮዴክ ይባላል። አንድ ዓይነት ካርቶን ውስጥ የተለያየ ኮዴክ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ «ፕሌየሬ ኤምኬቪ አይወድም» የሚለው አባባል አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነው። ያልወደደው በውስጡ ያለውን ነው።

በኤችዲ ዓለም በብዛት የምታገኘው የምስል ኮዴክ ኤች.264 ነው፤ ሌላው ስሙ ኤቪሲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ነው። ተከታዩ ኤች.265 ወይም ኤችኢቪሲ እ.ኤ.አ. በ2013 መጣ። ኤቪ1 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። አዲሱ በመጣ ቁጥር ፋይሉ ያንሳል፤ ለመፍታት የሚጠይቀው ጉልበት ግን ይጨምራል።

እዚህ ላይ በኮምፒውተርና በሚዲያ ፕሌየር መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ የሚባለውን ማጫወቻ ብትከፍት ያገኘውን ሁሉ ማለት ይቻላል በሶፍትዌር መፍታት ይችላል፤ ፕሮሰሰሩ ጠንካራ ስለሆነ ይችለዋል። ትንሹ ፕሌየር ግን ምስሉን የሚፈታው ለዚሁ ሥራ በተዘጋጀ የቺፑ ክፍል ነው። ቺፑ ሲሠራ ያልተሰጠውን ኮዴክ በኋላ አይማርም። ዋናው ፕሮሰሰሩ ደካማ ስለሆነ ሊያግዘው አይችልም። «ኮምፒውተሬ ላይ እኮ ይሠራል» የሚለው ማስረጃ እዚህ ጋ ዋጋ የለውም።

ሳትመረምር አትንካ

ሚዲያኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ጫነው። ፋይሉን ጎትተህ ጣልበት፤ ከዚያ እይታውን ወደ ጽሑፍ ቀይረው። ረጅም ዝርዝር ያወጣልሃል። አትደንግጥ፤ የምትፈልገው ስድስት ሰባት መስመር ብቻ ነው።

ድምፅ የለውም ያልከውን ፊልም ስትከፍት እንዲህ ያለ ነገር ታገኛለህ ብዬ እገምታለሁ። ምስሉ ላይ ፎርማት ኤቪሲ፣ ፕሮፋይል ሃይ፣ ሌቭል 4.1፣ ሪፈረንስ ፍሬም 4፣ 8 ቢት፣ ስፋቱ 1920 በ1080 ወይም በ800 ይላል። ይህ ፉል ኤችዲ የሚያጫውት ፕሌየር ሁሉ በደንብ የሚያውቀው ምስል ነው። ወደ ድምፁ ስትወርድ ግን ዲቲኤስ፣ 6 ቻናል የሚል ታያለህ። ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ፕሌየሮችና ቴሌቪዥኖች ዲቲኤስ የሚባለውን የድምፅ ኮዴክ አይፈቱም፤ ፈቃድ የሚከፈልበት ስለሆነ አምራቾች ይተዉታል። ስለዚህ ምስሉ ይመጣል፤ ድምፁ ይቀራል።

መድኃኒቱ ምስሉን ሳትነካ ድምፁን ብቻ መቀየር ነው። ሃንድብሬክ ለዚህ አይሆንም። ሃንድብሬክ ድምፅን እንዳለ ማሳለፍ ይችላል፤ ምስልን ግን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ነው የሚጨምቀው። አቪዴመክስ የሚባለውን ተጠቀም፤ እሱም ነፃ ነው። ፋይሉን ክፈት። ምስሉን «ኮፒ» ላይ ተወው። ድምፁን ኤሲ3 ወደሚባለው ሌላ የድምፅ ኮዴክ ቀይረው። የዚህን ቢትሬት (በሰከንድ የሚመደብለትን የመረጃ መጠን) ወደ 640 ኪሎቢት ከፍ አድርግ፤ ለኤሲ3 ከፍተኛው ይህ ነው። ውጤቱን ኤምኬቪ በለውና አስቀምጥ። አንተን ሌሊቱን ሙሉ ያስጠበቀህ ሥራ በደቂቃዎች ያልቃል። ምስሉም ከምንጩ በአንዲት ነጥብ አይለይም። ከኮማንድ ጋር ለሚስማማ ሰው ኤፍኤፍኤምፔግ ይህንኑ በአንድ መስመር ይሠራል።

ድምፁ የሚወጣው ከቴሌቪዥኑ ከራሱ ስፒከር ብቻ ከሆነ ባለ 6 ቻናሉን መያዝ ላያስፈልግህ ይችላል። ያን ጊዜ ኤኤሲ የሚባለው የድምፅ ኮዴክ፣ ስቴሪዮ፣ 160 ኪሎቢት ይበቃል። እንዲያውም የሰው ንግግር ከሙዚቃው ሥር ተቀብሮ የሚያስቸግርህ ከሆነ፣ ስቴሪዮ አድርጎ ማውረዱ አንዳንዴ ይሻላል።

አንዳንዴ ደግሞ ምስሉም ድምፁም ደህና ሆኖ ካርቶኑ ብቻ ይሆናል የማይስማማው። ያኔ ውስጡን ሳትነካ ካርቶኑን ትቀይራለህ። ሪሙክስ ይባላል። አቪዴመክስ ላይ ሁለቱንም «ኮፒ» ላይ ትተህ ውጤቱን ኤምፒ4 ማለት ነው፤ አለቀ።

አልገለበጥም ያለው ፋይል

ይህ የቪዲዮ ችግር አይደለም። ፍላሽህ ፋት32 በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ነው። ፋት32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹ 64 ጊጋ ባዶ ቦታ ቢኖረውም ያው ነው። የፕሌየርህን መመሪያ እይ። ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ያነባል የሚል ከሆነ ፍላሹን በዚያ ፎርማት አድርገው፤ በውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ገልብጥ። ፋት32 ብቻ ነው የሚያነበው? እንግዲያው ኤምኬቪቱልኒክስ በሚባለው ፕሮግራም እያንዳንዱ ክፍል ከ4 ጊጋ በታች እንዲሆን አድርገህ ፊልሙን ክፈለው። ሲከፍል ምስሉን አይጨምቅም፤ ስለዚህ ጥራቱ እንዳለ ይቆያል። ፊልሙን አሳንሰህ በአንድ ፋይል ማስገባት ከፈለግህ ደግሞ ስሌቱን ወደ ታች አሳይሃለሁ።

በስልክ የተቀረጸውና የሚቆራረጠው

አሁን ወደ እውነተኛው ኢንኮድ መጣን።

የልጆችህ ቪዲዮ ጥቁር የሆነው ስልክህ በኤችኢቪሲ ስለሚቀርጽ ነው ብል ብዙም የምሳሳት አይመስለኝም። ዘመናዊ ስልኮች ቦታ ለመቆጠብ ይህን ይጠቀማሉ። ፕሌየርህ ደግሞ ኤች.264 ላይ የቆመ ይመስላል። ድምፁ ኤኤሲ ስለሆነ ይሰማል፤ ምስሉን የሚፈታው ክፍል ግን ቺፑ ላይ የለም። ለወደፊቱ የስልክህን የካሜራ ሴቲንግ ግባና «ለሁሉም መሣሪያ የሚስማማ» የሚለውን ወይም ኤች.264 የሚለውን ምረጥ። ኤችዲአር (የብርሃንና የቀለም ስፋትን የሚጨምር) የሚል ምርጫ በርቶ ከሆነም አጥፋው። አለበለዚያ ተራ ቴሌቪዥን ላይ ቀለሙ የታጠበ ልብስ መስሎ ይመጣል።

የሚቆራረጠውን ግን መጀመሪያ ፈትነው። ሁለት ጊዜ አጫውተውና የሚቆራረጥበትን ሰዓት ጻፍ። ሁለቱንም ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ስታክ ካደረገ ጥፋቱ ምናልባት የፋይሉ ነው። ቦታው ከተቀያየረ ግን ፍላሹን ወይም ዋይፋዩን ጠርጥር። አማካዩ 8 ሜጋቢት የሆነ ቪዲዮ እንቅስቃሴ የበዛበት ቦታ ሲደርስ ለጥቂት ሰከንድ የዚያን ብዙ እጥፍ ሊጠይቅ ይችላል። ደካማ ዋይፋይ የሚወድቀው እዚያ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ሁኔታ በገመድ ወይም በሌላ ፍላሽ ሞክረህ ከተስተካከለ ፋይሉን አትንካው።

ጥፋቱ የፋይሉ ከሆነ ወደ ሚዲያኢንፎ ተመለስ። ሦስት ነገር ፈልግ።

የመጀመሪያው ሌቭሉ ነው። ሌቭል ማለት ፋይሉ ከሚፈታው መሣሪያ የሚጠይቀው የአቅም ልክ ነው። አብዛኛው የፉል ኤችዲ ፕሌየር የተሠራው ለ4.1 ነው። በ4.1 ልክ የ1080 ቪዲዮ ቢበዛ 4 ሪፈረንስ ፍሬም ይኖረዋል። ሪፈረንስ ፍሬም ማለት ቺፑ ቀጣዩን ምስል ለመሥራት በማስታወሻው ይዞ የሚያነጻጽራቸው ያለፉ ምስሎች ናቸው። አንዳንድ ሰው ፋይሉ እንዲያንስ ብሎ ይህን ቁጥር 16 ያደርሰዋል። ኮምፒውተር ግድ የለውም። ትንሹ ቺፕ ግን አራት የሚይዝ እጅ ይዞ አሥራ ስድስት ተሸከም ሲባል ይጥለዋል። ስክሪኑ ላይ ካሬዎች ሲበታተኑ የምታየው ያኔ ነው።

ሁለተኛው ቢት ዴፕዝ የሚለው ነው፤ ለእያንዳንዱ ቀለም የሚመደበው የቢት ብዛት ማለት ነው። ኤች.264 ሆኖ 10 ቢት ካለ ነገሩ እዚያው አበቃ። ባለ 10 ቢት ኤች.264 በሃርድዌር የሚፈታ መሣሪያ ማግኘት በጣም ያስቸግራል። በካርቱን ፊልሞች ላይ በብዛት ታገኘዋለህ። ይህ ያለ ኢንኮድ አይድንም።

ሦስተኛው የፍሬም ብዛት ነው፤ በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት ማለት ነው። ሌቭል 4.1 በ1080 ላይ የሚሸከመው በሰከንድ 30 ፍሬም ገደማ ነው። ስልክህ በ60 ከቀረጸ ከልኩ አልፏል። እዚህ ጋ ምርጫ አለህ፤ እኔ ይህን ምርጫ እወደዋለሁ። ወይ 1080ውን ይዘህ ወደ 30 ፍሬም ታወርዳለህ፣ ወይ 60ውን ይዘህ ወደ 720 ታወርዳለህ። 720 በ60 ፍሬም ከ4.1 ልክ አያልፍም። ቆሞ የሚያወራ ሰው ከሆነ 1080 በ30 ይሻላል። ኳስ የሚራገጡ፣ የሚሯሯጡ ልጆች ከሆኑ ግን ያለ ማመንታት 720 በ60 አድርግ። ዓይን ለእንቅስቃሴ ልስላሴ ከነጥብ ብዛት ይልቅ ይሳሳል። ሁለቱንም የአንድ ደቂቃ ያህል ሠርተህ ጎን ለጎን እይ፤ ልዩነቱ ራሱ ይነግርሃል።

ሃንድብሬክ ላይ

እሺ፣ ኢንኮድ ማድረግ ግድ ሆነ እንበል። ከተዘጋጁት ምርጫዎች ውስጥ «ፋስት 1080 ፒ30» የሚለውን መነሻ አድርግና እነዚህን አስተካክል።

የምስል ኮዴኩ ኤክስ264 (ኤች.264 የሚያወጣው) ይሁን። ኤክስ265 (ኤችኢቪሲ የሚያወጣው) ፋይሉን ያሳንሳል፤ ያንተ ፕሌየር ግን ካላነበበው ምን ያደርግልሃል? ከዝርዝሩ ውስጥ የኤንቪዲያ ወይም የኢንቴል የሚል ካየህ እነዚያ ግራፊክስ ቺፑን የሚጠቀሙ ናቸው። በጣም ፈጣን ናቸው። ለተመሳሳይ ጥራት ግን ብዙ ጊዜ ትልቅ ፋይል ያወጣሉ። ደጋግመህ ለምታየው የቤተሰብ ቪዲዮ ትዕግሥት አድርገህ ኤክስ264ን ተጠቀም።

ፕሮፋይሉ ሃይ፣ ሌቭሉ 4.1 ይሁን። ሌቭሉን ስትወስን ሃንድብሬክ የሪፈረንስ ፍሬሙን ብዛት ራሱ ከልኩ እንዳያልፍ ያደርገዋል። ከፍተኛውን ቢትሬትም እንደዚሁ። ብዙ ሰው ይህን ሳጥን «ኦቶ» ላይ ትቶት ያልፋል፤ ፕሌየሩ እንቢ ሲለው ግራ ይገባዋል።

አርኤፍ። የሃንድብሬክ ሰዎች ራሳቸው ለ1080 ከ20 እስከ 24፣ ለ720 ከ19 እስከ 23 ይመክራሉ። ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱና መጠኑ ይጨምራል። በግምት 6 ነጥብ ስታወርድ ፋይሉ እጥፍ ይሆናል። አንተ ከ22 ይልቅ 12 ስትመርጥ ከሦስት እጥፍ በላይ ቢት ነው የጠየቅኸው። ለአብዛኛው ፊልም 21 ወይም 22 ላይ ጀምር። ለማይደገም የቤተሰብ ቪዲዮ እኔ 19 ወይም 20 አደርጋለሁ። ከዚያ በታች መውረድ ቦታ ማባከን ነው፤ ከሶፋ ላይ ሆኖ ልዩነቱን የሚያይ ዓይን የለም።

ፍጥነቱን «ሚዲየም» ወይም «ስሎው» ላይ አድርግ። «ቬሪ ስሎው» ጊዜህን ብዙ እጥፍ ይበላል፤ የሚቆጥበው ቦታ ግን ጥቂት ነው። «ፕላሲቦ»ን ጭራሽ አትንካው።

ከላይ እንዳልኩት ከ60 ወደ 30 ካላወረድከው በቀር የፍሬም ብዛቱን «እንደ ምንጩ» ላይ ተው። ይህን የምልህ ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። ከዓመታት በፊት የአንዲት ዘመዴን ቪዲዮ ኢንኮድ አደረግሁላት። ምንጩ በሰከንድ 25 ፍሬም ነበር፤ እኔ ሳላይ 30 አደረግሁት። ፕሮግራሙ የጎደለውን ለመሙላት በየሰከንዱ 5 ፍሬም ደገመ። ሕፃኗ ዥዋዥዌ ላይ ስትወዛወዝ፣ በየቅጽበቱ አየር ላይ ቆም፣ ደግሞ ዘለል ትላለች። ኦሪጅናሉን ደግሞ ቦታ ልቆጥብ ብዬ አጥፍቼው ነበር። እስከ ዛሬ ያ ቪዲዮ እንደዚያው ነው። ስለዚህ ኦሪጅናልህን አዲሱን ከዳር እስከ ዳር ሳታይ አታጥፋ። የቤተሰብ ቪዲዮ ከሆነ ጨርሶ አታጥፋው።

ለስልክ ቪዲዮ ግን አንድ ነገር ጨምር። ስልክ የሚቀርጸው በማይለዋወጥ የፍሬም ፍጥነት አይደለም፤ ብርሃን ሲያንስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሲበዛ ይጨምራል። አንዳንድ ፕሌየሮች ይህን ሲያገኙ ድምፁና ምስሉ ቀስ በቀስ ይለያያሉ። መጀመሪያ ላይ አታስተውለውም። አሥረኛው ደቂቃ ላይ ከንፈር ከተዘጋ በኋላ ቃሉ ይሰማል። መድኃኒቱ ሃንድብሬክ ላይ «ኮንስታንት ፍሬምሬት» የሚለውን መምረጥና ቁጥሩን ራስህ 30 ወይም 60 ብለህ መወሰን ነው።

ስፋቱን በተመለከተ ትንሹን ወደ ትልቅ አትሳበው። የዲቪዲ ምስል 720 በ576 ወይም 720 በ480 ነው። ወደ 1080 ብትስበው አዲስ ዝርዝር አይፈጠርም፤ ፋይሉ ብቻ ያብጣል። ቴሌቪዥኑ ወይም ፕሌየሩ ራሱ ሲያሳየው ያሰፋዋል። ከላይና ከታች ያለውን ጥቁር ጠርዝ ሃንድብሬክ ራሱ ይቆርጥልሃል፤ ደህና ነው፣ ተወው።

ከድሮ ካሜራ ወይም ከቴሌቪዥን ስርጭት የተቀዳ ቪዲዮ ካለህ ደግሞ ሚዲያኢንፎ ላይ «ስካን ታይፕ» የሚለውን እይ። «ኢንተርሌስድ» ካለ ምስሉ በግማሽ በግማሽ መስመር የተቀረጸ ነው። እንቅስቃሴ ሲኖር ጠርዙ ላይ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ ነገር ይታያል። ማጣሪያዎቹ ውስጥ ገብተህ «ዲኢንተርሌስ» የሚለውን አብራ። ምንጩ «ፕሮግረሲቭ» ከሆነ ግን ይህ ማጣሪያ መጥፋት አለበት። ያለ ምክንያት ከበራ ጥራት ይበላል። ብናኝ የሚያጠፋውንም ማጣሪያ እንዲሁ፤ የሰው ፊት የሰም ምስል እንዲመስል ያደርጋል። በጨለማ የተቀረጸና በጣም የተበላሸ ነገር ካልሆነ በቀር አልጠቀመውም።

አሁን ሙሉውን ፊልም ከመልቀቅህ በፊት አንድ ደቂቃ ብቻ ሞክር። ሃንድብሬክ ላይ ከየት እስከ የት የሚለውን በሰከንድ መወሰን ትችላለህ። የምትመርጠው ደቂቃ ቀላሉ አይሁን። ጨለማ ክፍል፣ ጭስ፣ ዝናብ፣ የሚሯሯጥ ሕዝብ ያለበትን ቦታ ፈልግ። ደካማ ሴቲንግ የሚጋለጠው እዚያ ነው። በጨለማው ግድግዳ ላይ ጥላው ለስለስ ብሎ ከመሄድ ይልቅ እንደ ደረጃ ተከፋፍሎ ከታየህ አርኤፉን አንድ ወይም ሁለት ነጥብ አውርድ። ሙከራውንም ኮምፒውተሩ ላይ ሳይሆን እዚያው ፕሌየሩና ቴሌቪዥኑ ላይ እየው።

በመጠን ከሆነ የምትሠራው

አርኤፍ ጥራቱን ይጠብቃል፤ መጠኑን ግን አስቀድሞ አይነግርህም። ከ4 ጊጋ በታች መሆን ግድ ከሆነ በቢትሬት ነው የምትሠራው። ስሌቱ ቀላል ነው። ፊልሙ 1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ነው እንበል። 6,720 ሰከንድ ይሆናል። ለጥንቃቄ 3.9 ጊጋባይት እንያዝ፤ ያ 3,900 ሜጋባይት ነው። ባይትን ወደ ቢት ለመለወጥ በ8 አባዛ፦ 31,200 ሜጋቢት። ለ6,720 ሰከንድ ስታካፍለው በሰከንድ 4.64 ሜጋቢት ይደርሳል። ከዚህ ላይ የድምፁን 0.64 ቀንስ። ለምስሉ 4 ሜጋቢት ቀረው፤ ሃንድብሬክ ላይ 4000 ብለህ ትጽፈዋለህ። «መልቲ ፓስ» የሚለውንም ምልክት አድርግበት። መጀመሪያ ፊልሙን አይቶ የትኛው ቦታ ብዙ ቢት እንደሚፈልግ ያጠናል፤ ቀጥሎ ያከፋፍላል።

4 ሜጋቢት ለረጋ ድራማ በ1080 ያምራል። ሩጫና ፍንዳታ ለበዛበት ፊልም ግን ይጠበዋል። እንዲያ ሲሆን በተጣበበ 1080 ከመሥራት 720 አድርገው። ጥርት ያለ 720 ከተቦጫጨቀ 1080 ይበልጣል። በዚህ ብዙ ሰው አይስማማኝም፤ ግን ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ ያሳየሁት ሰው ሁሉ 720ውን መርጧል።

የግርጌ ጽሑፍ በግዕዝ ፊደል

አልጠየቅኸኝም፤ ግን ነገ መምጣቱ አይቀርም። የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ያለበትን የኤስአርቲ ፋይል ከቪዲዮው ጋር ስታስቀምጥ ሁለት ዓይነት ችግር ሊገጥምህ ይችላል። እነሱን መለየት አለብህ።

ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ከወጡ ፋይሉ በትክክል አልተቀመጠም። ኖትፓድ ላይ ክፈተውና ሲቀመጥ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 አድርገው። ኖትፓድ ላይም ሲከፈት ፊደሉ ካልታየ ጽሑፉ ከዩኒኮድ (ፊደላት ሁሉ በኮምፒውተር ላይ ከሚወከሉበት የጋራ ደንብ) በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ እሱ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት።

ባዶ ሳጥኖች በረድፍ ከተደረደሩ ግን ፋይሉ ጤነኛ ነው። የጎደለው ፕሌየሩ ላይ ነው፤ የግዕዝ ፎንት የለውም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ሆኖም ርካሽ ፕሌየር የሚሠሩ ሰዎች ፎንቱን አያስገቡም። ፎንት ለመጨመር የሚፈቅድ ከሆነ እሰየው። ካልሆነ ጽሑፉን ምስሉ ላይ ማተም ነው ያለህ አማራጭ። ሃንድብሬክ ላይ የኤስአርቲውን ፋይል ታስገባና «በርን ኢን» የሚለውን ትመርጣለህ። ኮምፒውተርህ ላይ እንደ ናይላ ወይም ኖቶ ያለ የግዕዝ ፎንት መኖሩን አረጋግጥ። የታተመ ጽሑፍ ከምስሉ አይነሳም፤ ፊደል ብትስት እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ማተም ከመጀመርህ በፊት ጽሑፉን አንድ ጊዜ ጮክ ብለህ አንብበው።

ከሁሉ በፊት ዛሬ ማታ ድምፅ የሌለውን ፊልም በአቪዴመክስ ሥራው። እሱ ቀላሉ ነው። ቀጥሎ ፍላሹን አስተካክል። ነገ የልጆችህን ቪዲዮ አንድ ደቂቃ በ720 በ60፣ አንድ ደቂቃ በ1080 በ30 አውጣና ከእነሱ ጋር ቁጭ ብለህ እያቸው። ያወጣኸውን ሙሉ ፋይል ፕሌየሩ ላይ ስትከፍት መጀመሪያውን አይተህ አትነሳ። ወደ መጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ዝለልና ከንፈርና ድምፅ አብረው መሄዳቸውን ተመልከት።